ሁለቱም ቀኝ

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ አስተማሪና አንዲት እናት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው መኪናው ውስጥ ነው።

«ልጄን ከአማቴ ቤት ላመጣት ነው፣ ጋሼ። በግራዋ ትጽፋለች ብለው እጇን በሻሽ አስረውባት ሰነበቱ።»

«ለምን?»

«ግራኝ ሴት ቤት አታቀናም ይላሉ።»

«ታዲያ በቀኟ ጻፈች?»

«ጻፈች። ሲፈቷት ግን ግራዋንም አልተወችም።»

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ! አምቢዴክስትረስ ሆናለቻ!»

«ምንድን ነው እሱ? በሽታ ነው?»

«ኧረ ተሰጥኦ ነው! በሁለቱም እጁ እኩል የሚሠራ ሰው እንዲህ ይባላል። ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው።»

«በላቲን ምን ማለት ነው?»

«ሁለቱም እጁ ቀኝ የሆነ።»

«ሁለቱም ቀኝ? ታዲያ ግራዋ የት ገባች?»

«ያው... ግራም እንደ ቀኝ ከጎበዘች ቀኝ ትባላለች ማለት ነው።»

«ከሰነፈች ግን ግራ ነች።»

«እንግዲህ ቃሉ የጥንት ነው።»

«አይ ጋሼ! እኔ አማቴን ብቻ ኋላ ቀር አደርጋለሁ፤ ለካ ላቲኖቹም ግራ እጅ ሲያስሩ ኖረዋል!»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ የምጽፍበትን ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁት።