ያሳጠርኩት ወረፋ

ሥራዬ ወረፋ ማጥናት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውም ሰው ሳይጉላላ የሚስተናገድበትን ዘዴ ነው። አይከል ከተማ አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት ሰው እህሉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ አየሁና፣ ባለቤቱን አግባብቼ ለየመንደሩ የተለያየ ቀን እንዲመድብ አደረግሁ። ወር ቆይቼ ብመለስ ደጁ ጭር ብሏል፤ የመጣው ሁሉ ወዲያው አስፈጭቶ ይሄዳል። ጥናቱ እዚያው በሐሳቤ ታትሞ አለቀ። ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ብቻቸውን የተቀመጡትን አንድ ደንበኛ፣ አያ ፈንቴን፣ ምስጋና ለመቀበል ተዘጋጅቼ፣ "ወረፋው እንዴት ሆነላችሁ?" አልኳቸው።

"ሸጋ ነው። ምነው ግን እንዲህ በደልኸን?"

"ምን አጠፋሁ፣ አያ?"

"ከማዶ መንደር ሰውዬ ጋር የድንበር ጠብ አለብኝ። ሽማግሌ የሚያስታርቀን እዚሁ፣ እህላችን እስኪፈጭ ነበር። ዕርቁ አንድ የወፍጮ ቀን ሲቀረው የእሱን ቀን ማክሰኞ፣ የኔን ሐሙስ አደረግኸው። ይኸው ከሶኝ ፍርድ ቤት እንመላለሳለን።" አክለውም፣ "ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚውልበት ሌላ ቦታ ካወቅህ ንገረን" አሉኝ።

አንድ ቦታማ አውቃለሁ። ስለ ወረፋ ማሳጠር ጽፌ የጠየቅሁትን የማዕረግ ዕድገት ከብዙ ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ደጅ የምጠናበት ጎንደር ያለው ቢሮ ነው። ግን ለእሳቸው ይርቃቸዋል።