የመለኪያው ክር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከፊቴ አንድ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ወንድሙ ያወራል።

«ዕቃው ተፈታቶ ከውጭ በሳጥን መጣለትና እቤት ውስጥ አውሮፕላን እየገጣጠመ ነው።»

«የሚበር?»

«የሚበር፣ አባባ። ባለ ሁለት ወንበር። የኋላው የአባታችን ነው ብሎ በልኩ ሠራው።»

«አባታችሁ አሉ እንዴ?»

«አምና አርፏል።»

«ታዲያ በምን ለካው?»

«የሬሳ ሳጥኑን ስናሠራ በለካንበት ክር።»

«ክሩ አብሮ አልተቀበረም?»

«መቀበር ነበረበት። ወንድሜ ደብቆ አስቀረው።»

ሽማግሌው አማተቡ።

«አውሮፕላኗ ድሮ የፊት ጎማዋ መሬት ነክቶ ነበር የምትቆመው። ወንበሩን ከገጠመላት ወዲህ የፊት ጎማዋ ከመሬት ተነሥቶ በጭራዋ ቁጭ ብላለች።»

«ወንበሩ ከብዷት ይሆናላ።»

«በአንድ እጄ አንሥቼዋለሁ። እንደ ቅል የቀለለ ነው።»

«ወንድምህስ ምን ይላል?»

«ሚዛኗ ገና አሁን ተስተካከለ ይላል። እሑድ ሊበርባት ነው።»

«ክሩ የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ። ሰርቄው መጣሁ። አባቴ የተቀበረው ሞጣ ነው፤ ወስጄ መቃብሩ ውስጥ ልቀብረው ነው።»

«ደግ አድርገሃል። ብቻ ቋጠሮውን መንገድ ላይ እንዳትፈታው፤ ባለቤቱ ይከተልሃል።»

ወጣቱ ኪሱን ዳበስ አደረገ።

«ቢቸና መናኸሪያ ፈትቼው ነበር፤ እንዳይወሳሰብ ብዬ።»

ወዲያው አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር እጇን አነሣች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ አየና «ሞልቷል» ብሎ መልሶ ዘጋው።

እኔም ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልሁና ቦታ ለቀቅሁ።