በግለ ሂስ የተሸጠ ፍቅር

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ የተከበራችሁ የቅሬያችን፣ የእድራችን አባላት፤ የተከበሩ አባ ገብረ ማርያም፤ የተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሞላልኝ፤ ልታለቅሱ የመጣችሁም፣ ማን እንዳለቀሰ ልትመዘግቡ የመጣችሁም፤ ሁላችሁም ኑሩልን። አብሽሩ።

ለማያውቀኝ፣ ጀላል እባላለሁ። ፒያሳ ላይ ደብተር፣ እርሳስና መጻሕፍት እሸጣለሁ። «እስላም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ ምን ይናገራል?» የሚል ሰው ካለ እንግዳ ነው፤ የደሴ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ለማንኛውም አባ ገብረ ማርያምን አስፈቅጃለሁ። «ግባ፣ ብቻ ሰው እንዳታስቅ» ብለውኛል። መግባቱን ገብቻለሁ። የሁለተኛውን ነገር እንጃ።

ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ጓድ ሞላልኝ ወደ ጎን ጠሩኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «ጓድ ጀላል፣ የፈለግከውን ተናገር። አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሳ። በመጨረሻ የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ስሕተት መሆኑን ተገንዝባ ታርማ ነበር በል። ለስሟም ጥሩ ነው፣ ለሱቅህም ጥሩ ነው።»

ለስሟም፣ ለሱቄም! ሰማችሁ? ስሟ እዚህ ከሳጥኑ ጋር ሊቀበር ነው፤ ሱቄ ፒያሳ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁለቱም ዛሬ በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥለዋል። ምላሴን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ይህ ልጅ እጁ ንጹሕ ነው፤ ከታሰረም በምላሱ ነው የሚታሰር» ትል ነበር።

እንግዲህ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በሥርዓት እንመርምረው። አትጠገብ ወልደ ሚካኤል ታርማለች ወይ?

«እሳቸው» ልላት ይገባኝ ነበር። ግን ከአፌ «እሳቸው» የሚል ቢወጣ፣ ሳጥኑን ከፍታ ተነሥታ ትስቅብኛለች። ስለዚህ አትጠገብ ነው የምላት።

አትጠገብ ምን ነበረች? ጠዋት የልጆቻችሁ አስተማሪ። ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት የሚስቶቻችሁ አስተማሪ። የቀረው ሰዓትስ? የቀረውን ሰዓት ወጥ ትሠራለች፣ ወጥ እየሠራች ትጽፋለች። አንድ እጇ ማማሰያ፣ አንድ እጇ እርሳስ። በሁለተኛው መጽሐፏ ልጅቷ ከእጮኛዋ ስትለያይ የምታለቅስበት ገጽ ላይ ቀይ ወጥ ጠብ ብሎበት ነበር። ማተሚያ ቤቱ ደንግጦ «ይሄ ደም ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አይ፣ ምስር ነው» አለች። «ሐዘኑ ግን እውነት ነው።»

ያን ሁሉ ፍቅር ከየት አመጣችው? ባል አላገባች፤ ሲኒማ ቤት አትሄድ። ከእናንተ ነው ያመጣችው! ከቧንቧው ወረፋ! እናንተ ባልዲያችሁን ይዛችሁ ስትቆሙ እሷም ባልዲዋን ይዛ ትቆማለች። «እና ያኔ ምን አለሽ? አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት? ቀና ብለሽ አየሽው ወይስ መሬት መሬት?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። ጓድ ሞላልኝ፣ እንደሷ ያለ መርማሪ ቢኖራችሁ ኖሮ፣ ማንም ሰው ሳይነካ አገሩ በሙሉ ይናዘዝ ነበር። ሴቶቹ ምስጢራቸውን ይሰጧታል። በዓመቱ በመጽሐፍ መልክ ይመለስላቸዋል። ያንዷ ዓይን፣ የሌላዋ ቀሚስ፣ የሦስተኛዋ ባል! ማንም አልተቀየማትም። የተቀየሙት ያልገቡበት ናቸው።

ታርማለች ወይ? ቆይ፣ ገና ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፏ ሲወጣ ትዝ ይላችኋል? መስኮቴ ላይ ልደረድረው አሰብኩ። መስኮቴ ግን ተይዟል። በማን እንደተያዘ ታውቃላችሁ፤ ሦስት ጢማም ፈረንጆች ናቸው። እነሱን ገለል አድርጌ ሽፋኑ ላይ የተሳሉ አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ ላስቀምጥ? ልጃገረዷም እኮ ፈገግ ብላለች! «ተወው ጀላል» አለችኝ አትጠገብ። «አንተ መስኮት ከሌለህ እኔ አውቶቡስ አለኝ።»

በማግስቱ የኮምቦልቻ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ሾፌሩ ደምመላሽ ነበር። ይኸው ከዛፉ ሥር ቆሟል። እሷ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። መጽሐፉን አውጥታ ለራሷ ማንበብ ጀመረች። ለራሷ ነው! ብቻ ትንሽ ጮክ ብላ፣ የኋላው ወንበር እስኪሰማ ድረስ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ዝናብ ይጥላል። ወጣቱ በር ያንኳኳል። የልጅቷ አባት እልፍኝ ተኝቷል። ልጅቷ በባዶ እግሯ መጣች። መቀርቀሪያውን ያዘች። አውቶቡሱ ውስጥ ዶሮ እንኳ ትንፍሽ አላለም። አትጠገብ መጽሐፉን ጥርቅም አደረገችና፣ «ወራጅ አለ!»

ደምመላሽ ቀጥ አደረገው። በሩን ግን አልከፈተም። ዞረና፣ «ከፈተችለት?»

«ወራጅ አለ አልኩህ እኮ።»

«ከፈተችለት ወይ ነው የምልሽ! ሳትነግሪኝ ይቺ መኪና ንቅንቅ አትልም!»

አንድ ሐጂ ከኋላ ሆነው፣ «ኧረ እንዳትከፍት! አባቷ ቤት ነው!» አሉ።

አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ዝም ይበሉ ሐጂ! እርስዎ ሲያንኳኩ ያልተከፈተልዎ ይመስል!»

አትጠገብ ነጠላዋን አስተካከለች። «መልሱ ፒያሳ ጀላል ሱቅ ይገኛል» ብላ ወረደች። ቀሪውን መንገድ በእግሯ ጨረሰችው። በነጋታው ሱቄን ስከፍት ደጃፌ ላይ ምን ቆሞ አገኘሁ? አውቶቡሱ! ከነተሳፋሪው! ደምመላሽ፣ ዋሸሁ? ከዚያ ወዲህ የአሰብ ሾፌሮች ኮምቦልቻ ሲያድሩ ከሻይ በፊት የሚጠይቁት የአትጠገብን መጽሐፍ ሆነ።

አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያሳቅኋቸው እኔ አይደለሁም። እሷ ናት።

ታርማለች ወይ? አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጓድ ሞላልኝ ሊቀ መንበር ከመሆናቸው በፊት የአትጠገብ ተማሪ ነበሩ። አራተኛ ክፍል አስተምራቸዋለች። ንባባቸው ጥሩ ነበር ትላለች፤ ሒሳባቸውን አላነሣችም። ሦስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ፣ እኚሁ ተማሪዋ በእሑድ ስብሰባ አቆሟት። ያ ስብሰባ አይረሳችሁም፤ ያልመጣ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ ሁላችሁም ነበራችሁ።

«ይቺ ጸሐፊ በንዑስ ከበርቴ ስሜት ሰፊውን ሕዝብ ከምርት አዘናግታለች!» አሉ ጓድ ሞላልኝ። «ግለ ሂስ ታድርግ!»

ተነሣች። አንገቷን ደፋች። እንደዚያ ተሰብራ አይቻት አላውቅም። «ጓዶች፣ ጥፋተኛ ነኝ።»

«በደፈናው አይሆንም! በዝርዝር!»

በዝርዝር ያሏት እሳቸው ናቸው። ይሄ ይያዝልኝ።

«እሺ ጓድ፣ በዝርዝር። ምዕራፍ ሰባት ላይ ልጅቷ ቦርከና ዳር ልብስ ስታጥብ ያ አድኃሪ ጎረምሳ መጣ። የመጣው ለምርት አልነበረም።» አዳራሹ ወደ ፊት ተጠጋ። «እጇን ያዛት። ሳሙናው ከእጇ አምልጦ ወንዝ ገባ። በዚህ የሳሙና እጥረት ዘመን ይህን መጻፌን አወግዛለሁ።»

«ከዚያስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አፍራለሁ። በጣም የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።»

«ግለ ሂስ እፍረት የለውም! ትናገር!» አዳራሹ ነደደ። በየሳምንቱ የሚያንቀላፋው ሕዝብ፣ ያን ቀን እንዴት ያለ የነቃ ሕዝብ ሆነ! «ከኋላ አልተሰማም! ይደገም!» ጓድ ሞላልኝ ጠረጴዛውን እየደበደቡ «በቃ! በቃ!» ይላሉ። ማን ሰምቷቸው! እሷ አንገቷን እንደደፋች፣ «ጓዶች» አለች፣ «ስሕተቱ ረዥም ነው፤ እስከ ምዕራፍ አሥራ አንድ ይዘልቃል። እኔ እዚህ ከማደክማችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ አይቶ ቢያወግዘው ይሻላል።»

በማግስቱ ሱቄ ደጃፍ የነበረውን ሰልፍ የስኳር ቀን እንኳ አላየሁትም። የመጽሐፉን ስም የሚጠራ የለም። «ጀላል፣ ያንን ስሕተት ስጠኝ እስቲ።» «ለእኔም አንድ ስሕተት፤ ለእህቴ ደግሞ ወደ ሐርቡ የምልከው ሌላ።» እኩለ ቀን ላይ አንድ የቀበሌ ዘብ መጣ። «አንድ ለጓድ ሊቀ መንበር። ለጥናት ነው» አለኝ። ጥናቱ እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም።

እስካሁን ስቀናል። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

እማማ ገበያነሽ፣ ወደ ፊት ይምጡ። አሳልፏቸው እስቲ። እኚህ እናት በስተርጅና ከአትጠገብ ዘንድ ፊደል ቆጠሩ። የምስክር ወረቀታቸውን የተቀበሉ ጊዜ ጓድ ሞላልኝ አጨብጭበውላቸዋል። ፊደል የቆጠረ ሰው ያነባል፤ እሳቸውም አነበቡ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የአትጠገብ መጽሐፍ ሆነ። አንድ ቀን ሱቄ መጡና መጽሐፉን ገልጠው አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ወጣቱ ልጅቷን «አንቺስ ትወጂኛለሽ?» የሚልበት ቦታ ነው። «ጀላል» አሉኝ፣ «እኔን ሲድሩኝ አባቴ ተጠየቀ፣ አጎቴ ተጠየቀ፣ በሬው እንኳ ተገምቷል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ይቺ ልጅ ግን ተጠየቀች። ሰው ይጠየቃል እንዴ?»

እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ወንበር ብቻ አቀረብኩላቸው።

እንግዲህ ባለፈው ወር አትጠገብ አልጋ ላይ ነበረች። ሳንባዋ እምቢ ብሏል። አራተኛው መጽሐፏ አዲስ አበባ፣ ሳንሱር ቤት ከተቀመጠ ቆይቷል። ወላሂ፣ ያንን መጽሐፍ ከመድኃኒቷ አስበልጣ ነበር የምትጠብቀው። ጓድ ሞላልኝ ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘው መጡ። ሐቅ ሐቅ ነው፤ ጥሩ ብርቱካን ነበር። ተቀመጡና እንዲህ አሉ፤ «መጽሐፉ እንዲታተም ለበላይ አካል አንድ ቃል መናገር እችላለሁ። አንቺ ግን እሑድ ስብሰባ ላይ ተገኚ። ሰው ደግፎ ያመጣሻል። የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ ፍቅር በዓለም ላይ የለም በይ። ይኸው ነው። የዛሬው ግን እንዳለፈው ጊዜ ቀልድ አይደለም።»

እሷም ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ዓይኗን ወደ ብርቱካኑ መለሰች። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። እሺ የምትል መሰለኝ። ብትልስ ማን ይፈርድባት ነበር? ከእናንተ መካከል ማን? እማማ ገበያነሽ ከግርጌዋ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መጽሐፏን ይዘው ነበር።

«ሞላልኝ» አለች። ጓድም አላለች፣ ምንም አላለች። እንደ አራተኛ ክፍሉ ነው የጠራችው። «እማማ ገበያነሽን አስነብቢ ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው አነበቡ። አሁን ያነበቡት ውሸት ነው ብዬ ልንገራቸው? እኔ አልችልም። አንተ ንገራቸው፤ ይኸው እዚሁ ናቸው።»

እማማ ገበያነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ንገረኝ የኔ ልጅ» አሉ። «እየሰማሁህ ነው።»

ጓድ ሞላልኝ ኮፍያቸውን አነሡ። ወጡ። ብርቱካኑ ቀረ።

መጽሐፉ አልታተመም። እሷም ይኸው።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምርመራዬን ጨርሻለሁ። ውጤቱን በእነዚህ ሁሉ ምስክሮች ፊት፣ በአባም ፊት፣ በእርስዎም ፊት አሳውቃለሁ። አትጠገብ ወልደ ሚካኤል አልታረመችም። ሲያስፈራሯት አልታረመችም። ሲያባብሏት አልታረመችም። ሞት ራሱ መጥቶ ከትራሷ አጠገብ ሲቆም አልታረመችም። ታርማ ነበር የሚል ሰው ከዛሬ በኋላ ከተነሣ፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእማማ ገበያነሽ ጋር ይነጋገር።

ሱቄን ነገ እከፍታለሁ። ማሸግ ከፈለጉ ይምጡና ያሽጉ፤ ሻይ አፈላልዎታለሁ። መጽሐፎቿ ግን እዚያ የሉም። የት እንዳሉ ልንገርዎት? ከእነዚህ ሴቶች ዱቄት ዕቃ ሥር። ከአሰብ መኪኖች ወንበር ሥር። ከአንዳንድ የቀበሌ አመራር ፍራሽ ሥር። ይሄን ሁሉ ለማሸግ የደሴ ሰም አይበቃም፤ የጎጃም ንብ ሁሉ ይዝመትልዎ!

አትጠገብ።

ክርስቲያኖቹ ጸልየውልሻል፤ እኔም ዱዓ አድርጌልሻለሁ። ሁለቱም የሚደርሱት አንድ ደጅ ነው። የመጨረሻው መጽሐፍሽ ታትሞ አላየሽውም፤ ይህን በቀልድ ላለፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይቆረቁረኛል፤ ይቆርቁረኝ። ግን የጻፍሽውን አላስካዱሽም። በአንዲት አሮጊት እናት ፊት አንድ ቃል አላጠፍሽም። ስንቶቻችን ነን እንደዚያ ሆነን የምንሄድ?

ቃልሽን እንደያዝሽ፣ ቀና እንዳልሽ ሂጂ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።