አባባ ጣሃ ዋግምት ሊታገሙ የወጡ ዕለት

ከሚሴ ባጃጅ ውስጥ የሰማሁትን ክርክር ሁሉ ብጽፍ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ አብዛኛው ግን የሚረባ አይደለም። እኔም ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባጃጅ የምሳፈረው ሰው ፍለጋ እንጂ ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ይህኛው ክርክር ግን ሊነገር ይገባዋል።

ገበያው አጠገብ አባባ ጣሃ ተሳፈሩ። ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ቆላ ወርደው ከተመለሱ ወዲህ ትኩሳት ይዟቸዋል። ከጎኔ የተቀመጠችው የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ከውሰር ገና ስታያቸው ደነገጠች።

«አባባ፣ ጠዋት ደም ሰጥተው ውጤቱን ሳይሰሙ የት ጠፉብን?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዋግምት ልታገም እየሄድኩ ነው። የተበላሸው ደም ሲወጣ ትኩሳቱም አብሮ ይወጣል።»

«በአላህ ይሁንብዎ፣ ዛሬ አይታገሙ!»

«ዋግምት እኮ ሂጃማ ነው፤ የነቢዩ ሱና ነው! ሱና ልትከለክይኝ ነው?»

አፌ አላስችል ብሎኝ «አባባ፣ ልጅቷ ሙፍቲ አይደለችም፤ ደምዎን ግን አይታዋለች» አልኩ። ገላመጡኝ።

ከውሰር አልተቆጣችም። «ሱናነቱን ማን ይክዳል? መታከምም ሱና ነው። የያዘዎት ደንጊ የሚባል ቫይረስ ነው፤ በቀን የምትናከስ ትንኝ ናት የምታመጣው። ደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። ስንቆረጥ ቀድመው ይደርሳሉ፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ደሙ የሚረጋው በነሱ ነው።»

«ጨፋ ረግረጉ ላይ ቦይ ሲሸነቆር ሣሩን ከነአፈሩ እንደምንደፍንበት በይኛ!»

«እንደሱ ነው። ቫይረሱ ሲገባ ግን ብዙዎቹ ከሱ ጋር ሲታገሉ ያልቃሉ። አጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኒም ስለሚዳከም ቶሎ አይተካቸውም። የእርስዎ በጣም አንሰዋል።»

«አልተቆረጥኩ! ቢያንሱ ምን ጎዳኝ?»

«እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።»

ሰበሰቡ። ጠዋት መርፌ የገባበት ቦታ ላይ የተለጠፈው ጥጥ በደም ርሷል። ዙሪያው በልዟል፤ ክንዳቸው ላይም ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል።

«ይቺ የአንድ መርፌ ቀዳዳ ናት» አለች ከውሰር። «እስካሁን አልደረቀችም። ምላጩ ጀርባዎን ሲሰነጥቀውስ ማን ይደፍነዋል?»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን መልሰው አወረዱ። «ገብቶኛል» አሉ። «ግን ልሂድ።»

«ከገባዎት ለምን ይሄዳሉ?» አልኩ፤ ተናድጄ ነበር።

«ባለቤቴ ኡምኩልሱም ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን የነካ ሰው ያ የሚያግመኝ ብቻ ነው። እያገመኝ እንዴት አደርክ ይለኛል፤ ልጆቹ ደወሉ ወይ ይለኛል። ጤና ጣቢያ ስመጣ ግን ገና ውጤቱ ሳይወጣ ተኝተህ ልትታከም ትችላለህ፣ አስታማሚህ ማን ነው አሉኝ። ማንን ልበል? ልጆቼ ዐረብ አገር ናቸው። አፍሬ ወጣሁ።»

በቁጣዬ አፈርኩ።

«አስታማሚው እኔ ነኝ» አልኩ። «ሹፌር፣ ወደ ጤና ጣቢያ መልሰን።»

«አንተ ምኔ ነህ?»

«ምንም። ግን ሥራ የለኝም፤ ቁጭ ብሎ ውሃ ማቅረብ አያቅተኝም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደገፉኝ። ትኩሳታቸው በለበስኩት ኮት በኩል ይሰማኝ ነበር።

ዋግምቱ ቀረ። ፈሳሽ በብዛት ወሰዱ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ተሰጣቸው። ደም መፍሰስን ስለሚያብሱ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ተከለከሉ። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ዳኑ ብዬ ደስ ቢለኝ ከውሰር «አደገኛው ጊዜ ገና አሁን ነው፤ ደንጊ የሚብሰው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው» ብላ ይበልጥ ጠበቀቻቸው። ፕሌትሌታቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ዛሬ ዛሬ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ላይ የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይመረመር እንዳይታገም፣ ድዱ ከደማ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ፈጥኖ እንዲታከም፣ የውሃ በርሜሉንም ትንኝ እንዳይራባበት እንዲከድን ይናገራሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ሲታመም አስታማሚህ ማን ነው ከማለት በፊት አጠገቡ ቁጭ ማለት ይሻላል።

ማታ ማታ አሁንም ቤታቸው እሄዳለሁ። «ድኛለሁ እኮ፣ ለምን ትደክማለህ?» ይሉኛል። መዳንዎን ላረጋግጥ ነው እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ቤት ባዶ ነው።