ሆድ ሲፈጀው

አዛውንቱ ግንበኛ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ከመሰላል ወርደው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠዋል። አራተኛው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተጋጩ። እሷ በሕንፃው ውስጥ ያለው የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ እሳቸው የረጠበ ግድግዳ ሊጠግኑ ተጠርተው ነው።

«አጎቴ! አንድ ሽማግሌ መሰላሉን ሲወጣ ሲወርድ በመስኮት ሳይ ነው ያረፈድኩት፤ ለካ እርስዎ ኖረዋል! ምነው እንዲህ ከሱ?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«እርጅና መች ያስሮጣል?»

ወንበር ብትሰጣቸውም አልቀመጥ አሉ። ሜትራቸውን እየሳቡ፣ እየለቀቁ፣ በመጨረሻ ምስጢሩ አመለጣቸው። «ስድስት ወር ሆነኝ፣ ደም አያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ‹ኪንታሮት ነው፣ እኔም አለብኝ፣ ዝም በለው› አለኝ። ይኼ ለሰው ይወራል? ሆድ ይፍጀው ነው እንጂ።»

«ሆድዎን ፈጀው እኮ አጎቴ!»

ስንቱን ሰው ከበሽታው ይልቅ እፍረቱ ገድሎታል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ የራሳችን ሲሆን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

«ቁስል ይቆጣል አይደል?» አለች ልጅቱ። «አንጀትም ይቆጣል። ሲቆጣ ሰውነት የተለየ ኢንዛይም ያወጣል። እንደ ፎርማን ይቁጠሩት፤ ‹ሴሎች ይብዙ፣ ቁስሉ ይጠገን!› የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ቁስሉ ሲድን ዝም ይላል። ቁጣው ለዓመታት ከቆየ ግን ፎርማኑ ከሥራ አይወጣም። ሴሎች ያለልክ ይባዛሉ፣ መሞት የሚገባቸው አይሞቱም፣ አዲስ የደም ሥር ይዘረጋል። እብጠት ይወጣል፤ አንዳንዱም ውሎ አድሮ ካንሰር ይሆናል።»

«ፕላን የሌለው ግንባታ በይኛ! ፎርማኑን ዝም የሚያሰኝ ኪኒን የለም?»

«አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ይገቱታል።»

ፊታቸው በራ። ለጉልበታቸው የሚውጡትን ኪኒን ከኪሳቸው መዘዙ። «ይኸው! ከዛሬ ጀምሮ እጥፍ ነው የምውጠው።»

«እንዳያደርጉት! ያ ኪኒን ጨጓራን የሚጠብቀውን ሌላውን ኢንዛይምም ይመታል፤ የባሰ ያደማዎታል። ለማን፣ ምን ያህል የሚለውን ሐኪም ይወስን። መጀመሪያ ግን አንጀትዎ በካሜራ ይታይ። ኪንታሮት ይሁን ሌላ፣ ሳይታይ እኔም አላውቅም።»

«ካሜራ? በዚያ በኩል? ብሞት ይሻለኛል!»

በዚህ መሃል የሕንፃው ኃላፊ ብቅ አለ። «አባባ፣ ነገ እንግዶች ይመጣሉ። እርጥቡን ዝም ብለው ይለስኑትና ቀለም ይቀቡልን።»

ግንበኛው ተቆጡ። «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላይ አልለስንም! ሸፍኜው ልሂድና ውስጥ ውስጡን ይብላው?»

ኃላፊው ሄደ። ልጅቱ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየቻቸው። ግንበኛው ግድግዳውን አዩ፣ ኪኒኑን አዩ፣ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ፈርተዋል።

«ቀጠሮ የሚያዘው የት ነው?» አሉ።

በቀጠሯቸው ቀን ካሜራው አንጀታቸው ውስጥ ሁለት እብጠቶች አገኘ። ሐኪሙ እዚያው ቆርጦ አወጣቸው፤ ሲመረመሩ ገና ካንሰር አልሆኑም ነበር። የተቆጣው አንጀታቸውም መድኃኒት ታዘዘለት። ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በጊዜ የታየ አንጀት ዕድሜ ይጨምራል።

ውጤቱን የሰሙ ዕለት ለታላቅ ወንድማቸው ደወሉ። «የእህታችን ልጅ መክራኝ ታየሁ፤ የእኔ ኪንታሮት አልነበረም። ያንተንስ ማን አይቶት ነው ኪንታሮት ያልከው?»

ታላቅየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚያች ልጅ ስልክ ስንት ነበር?» አሉ።