ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ወለል

ተቀመጡ። ብርጭቆ ማንኳኳት አልወድም፤ ድምፄ ይበቃል።

ኒቬስ፣ ዛሬ ጡረታ ብትወጪም የመጣሽበትን ቀን አልረሳሁትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቱሪስቶች «ቀለሙ ደብዝዟል» ሲሉ ሰማሽና አንድ ባልዲ ውሃ አምጥተሽ በጥንቱ መታጠቢያ ቤት የጠጠር ሞዛይክ ወለል ላይ ቸለስሽ። እነሱ አጨበጨቡ። እኔ ጮህኩ።

«ውሃው ከድንጋዩ ጨው ያወጣል! ማነሽ አንቺ?»

«አዲሷ ሠራተኛ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ነበርሽ!»

ይኸው እስከ ዛሬ አልሄደችም።

ታውቋታላችሁ። የፍርስራሹን ድመቶች በነገሥታት ስም የምትጠራው እሷ ናት። «ኔሮን! ከመሠዊያው ውረድ!» ስትል አንድ ጀርመናዊ ቄስ ሰምተው ባርኔጣቸው ወድቋል።

በየኅዳሩ ወለሎቹን ከብርድ ለማዳን በጨርቅና በአሸዋ ስንሸፍን፣ ከጥንቱ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል መጨረሻ ትሸፍናለች፤ በመጋቢት ደግሞ ቀድማ የምትገልጠው እሷኑ ነው። ምሁራኑ መጋዘን ያሏት ክፍል ናት። ኒቬስ ተንበርክካ ስታጸዳ የወለሉ ጠጠሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎድጉደው አየች። ለያኔው አለቃ ነገረችው።

«እዚህ ሰዎች ይንበረከኩ ነበር።»

«ጆንያ ነው ያጎደጎደው።»

«ጆንያ ጉልበት የለውም፣ ዶክተር።»

ተሳቀባት። አራት ዓመት ሙሉ የወለሉን ጫፍ የሸፈነውን የኋላ ዘመን ልስን በትንሽ ቢላ ፋቀች። ከሥሩ መስቀል ወጣ፤ አጠገቡም «ፌሊኩላ ከልጆቿ ጋር ይህን ወለል አነጠፈች» የሚል ጽሑፍ። ጳጳስ አይደለች፣ የባለሥልጣን ሚስት አይደለች። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ግድግዳውን በሚያሞቅበት ክፍል ጎረቤቶቿን ሰብስባ የጸለየች የሰፈር ሴት ናት። የዚህች የጥንት ወደብ ከተማ የመጀመሪያ ክርስቲያኖች የጉልበታቸውን ምልክት ትተውልን ሄዱ፤ ያነበበችው ኒቬስ ናት።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ኒቬስን የሚተካ ስለሌለ ክፍሏ ከእንግዲህ አሸዋ ውስጥ ትቆይ ይላል። የፈረሙት የአሁኑ አለቃችን ዶክተር ባልዱቺ ይኸው ሰርዲን እየበሉ ነው። ይብሉ፣ ዶክተር፤ የጠበሰችው እሷ ናት። ግን ይስሙኝ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ላቲን የተማርኩት ከመቃብር ድንጋይ ነው። ፌሊኩላ ጠጠሯን ስታነጥፍ ፈቃድ አልጠየቀችም። እኔም አልጠይቅም። በመጋቢት የመጀመሪያው ሰኞ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ አካፋዬን ይዤ አሸዋውን አነሳለሁ። ሊያባርሩኝ ከፈለጉ ያን ቀን ይምጡ፤ ተንበርክኬ ያገኙኛል።

ኒቬስ፣ በጆንያው ነገር ከሳቁብሽ አንዱ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ሃያ ዓመት አለፈ። እጅሽ በኖራ ተሰነጣጥቆ እኔን ማየት አስተማረኝ። አመሰግንሻለሁ፤ ይቅርም በይኝ።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ጉልበትሽ ይጽና። ወለል የምታጸጂበትን ስፖንጅሽን ግን እንዳታስረክቢ። ጡረተኛን በር ላይ የሚከለክል ደንብ የለም፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። በመጋቢቱ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ እጠብቅሻለሁ።

ለኒቬስ!