የሁለት ዓመቷ ልጅ ቀይ ፀጉር

ባለፈው ዓመት አርብ ገበያ አጠገብ አንድ ገበሬ የሁለት ዓመት ልጁ ፀጉር ቀይ ሆነ ብሎ ሚስቱን ሊፈታ ሽማግሌ ሰበሰበ። እኔም ለዘገባ ሄጄ አብሬ ተቀመጥሁ።

«የምግብ እጥረት እንዳልል ጤና ጣቢያ ክንዷን ለክተው ደህና ናት አሉኝ» አለ ባልየው። «ታዲያ ከማን አመጣችው?»

ሚስቱ «ከኔ ብቻ ተወለደች?» አለችው።

አንድ የጤና ባለሙያ የነገረኝን ተናገርሁ። እንዲህ ያለ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ዘሩ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው፤ ወላጆቹ ግን ባለ ጥቁር ፀጉር ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው የሌለውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል?» አሉኝ።

እኔም የሰማሁትን ተጠራጠርሁ። ሽማግሌዎቹ ለወር ቀጠሩ።

በመካከሉ የባልየው ወንድም ሞተ። በየሳምንቱ ይላጭ የነበረው ባልየው ለሐዘኑ ጢሙን አሳደገ። በቀጠሮው ቀን ሲመጣ ጢሙ ቀይ ነበር።